ባለ ብዙ ሞገድ ተስተካካይ የፋይበር ሌዘር አነዳደፍ፦ ከቢቸና ሞጣ መስመር በተወሰደ ምሳሌ

መግቢያ

ሌዘር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ ቀለም ያለው ቀጭን ጨረር ነው። መምህራን ሰሌዳ ላይ የሚያመለክቱበት ቀይ ነጥብ፣ በሱፐርማርኬት የዕቃ ዋጋ የሚያነበው መሣሪያ፣ ሲዲ የሚያነበው ጨረር ሁሉም አንዳንድ ቀለም ብቻ ነው ያላቸው። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ሌላ ዓይነት ሌዘር ነው። አካሉ ፋይበር ነው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ የሞገድ ርዝመቶችን ያመነጫል፤ እነዚህን ሞገዶችም እንደ ፍላጎታችን ወዲያና ወዲህ ልንገፋቸው እንችላለን። ባለ ብዙ ሞገድ ተስተካካይ የፋይበር ሌዘር የምለው ይህንን ነው።

ርዕሱን ለመመረቂያ ጥናቴ ስመርጥ አንድ የክፍል ጓደኛዬ «አንተ የቢቸና ልጅ፣ ይሄን ሌዘር ማን ሊሠራልህ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም ቀልድ አይደለም። ዲፓርትመንታችን ውስጥ ኤርቢየም ያለበት ፋይበር የለም፤ ፋይበርን ከፋይበር የሚያጣብቀው ማሽን የለም፤ ሞገዶችን ለይቶ የሚያሳየው የስፔክትረም መሣሪያም የለም። ታዲያ በወረቀትና በኮምፒዩተር ብቻ የሚነደፍ ሌዘር ምን ይጠቅማል?

ለዚህ ጥያቄ የመረጥኩት መልስ ንድፉን በማውቀው መሬት ላይ መፈተን ነው። ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና ነው፤ አጎቴ የሚኖረው ሞጣ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል በቀጥታ ሲለካ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መኪና የሚሄደው ግን በደብረ ወርቅና በፈለገ ብርሃን በኩል ስለሆነ መንገዱ ይረዝማል፤ መንገድ ተከትሎ የሚቀበር ገመድም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ በስሌቴ ሁሉ የገመዱን ርዝመት 100 ኪሎ ሜትር ብዬ ይዣለሁ። ይህ ቁጥር ለስሌት የተያዘ ምሳሌ እንጂ የየትኛውም ድርጅት የመስመር ልክ አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

1. ነገሩ ከየት መጣ?

የመጀመሪያውን ሌዘር እ.ኤ.አ. ግንቦት 16 ቀን 1960 ከሩቢ ድንጋይ የሠራው ቴዎዶር ሜይማን ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ በ1961 ኤልያስ ስኒትዘር ኒዮዲሚየም የተባለውን ንጥረ ነገር መስታወት ውስጥ ጨምሮ ጨረር አገኘ፤ የፋይበር ሌዘር ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ የነበረው መስታወት ብርሃንን በጥቂት ሜትሮች ውስጥ የሚውጥ ስለነበር ለረዥም ርቀት ግንኙነት ይውላል ብሎ የሚያስብ ብዙ አልነበረም።

በ1966 ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆክሃም የመስታወቱ ችግር ተፈጥሯዊ ሳይሆን የቆሻሻ ችግር መሆኑን አሳዩ። መስታወቱ ከጠራ በአንድ ኪሎ ሜትር የሚባክነው ብርሃን ከ20 ዲሲቤል በታች ሊወርድ ይችላል አሉ። ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1970 ይህን አደረገው። ካኦ በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ዛሬ ደህና ፋይበር በ1550 ናኖሜትር አካባቢ በኪሎ ሜትር የሚያባክነው 0.2 ዲሲቤል ገደማ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ተፈጥሮ ራሷ ረድታናለች ማለት ይቻላል። ፋይበር በጣም የሚያሳልፈው በ1550 ናኖሜትር አካባቢ ነው ብለናል። ኤርቢየም የተባለው ንጥረ ነገር ደግሞ ብርሃን የሚሰጠው ከ1530 እስከ 1565 ናኖሜትር ባለው ክልል ነው። ሁለቱ ባይገጣጠሙ ኖሮ የዛሬው ኢንተርኔት ሌላ መልክ በያዘ ነበር። በ1987 በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የዴቪድ ፔይን ቡድን፣ በአሜሪካም የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች የኤርቢየም ፋይበር ማጉያን ሠርተው አሳዩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በ980 ናኖሜትር የሚያበራ ትንሽ ሌዘር (ፓምፕ እንለዋለን) የኤርቢየሙን አተሞች ወደ ላይኛው የኃይል ደረጃ ያወጣቸዋል። ወዲያው ትንሽ ወርደው በመካከለኛው ደረጃ ላይ ወደ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይቆያሉ። ለአተም ይህ በጣም ረዥም ጊዜ ነው። በዚህ መሀል በ1550 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ብርሃን ሲያልፍ አተሞቹ ይቀሰቀሱና ያንኑ የመሰለ ብርሃን ጨምረውበት ይወርዳሉ። የገባው ትንሽ ብርሃን በዝቶ ይወጣል፤ ማጉያ ማለት ይኸው ነው። ከማጉያው የወጣውን ብርሃን በቀለበት አዙረን መልሰን ብናስገባውና አንድ ዙር የሚያተርፈው ከሚያባክነው ቢበልጥ፣ ማጉያው ሌዘር ሆነ ማለት ነው።

2. ዋናው ችግር፦ አንድ ገንዳ፣ ብዙ ከብት

እንግዲህ የኤርቢየም ክልል 35 ናኖሜትር ያህል ስፋት ካለው፣ ቀለበቱ ውስጥ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ሞገዶችን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ብናስገባ ብዙ ሞገድ አብሮ አይወጣም ወይ? ነገሩን መጀመሪያ የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይህንን ነው። መልሱ በቀላሉ አይወጣም ነው።

ምክንያቱን በአገራችን ምሳሌ ላስረዳ። አንድ ገንዳ ውሃ አለ፤ ስምንት ከብቶች ዙሪያውን ቆመዋል። አንደኛው ወይፈን ከሌሎቹ ትንሽ ቢበረታ በቀንዱ ገፍቶ ቀድሞ ይጠጣል። በጠጣ ቁጥር ይበረታል፤ በበረታ ቁጥር ደግሞ ይገፋል። በመጨረሻ ገንዳው የእርሱ ብቻ ይሆናል። ኤርቢየምም እንዲሁ ነው። በክፍል ሙቀት ውስጥ አንዱ ሞገድ የሚጠቀምበት የአተም ክምችትና ጎረቤቱ የሚጠቀምበት ክምችት አንድ ነው። ይህ የጋራ ክልል ወደ 10 ናኖሜትር ይሰፋል። እኛ ደግሞ ሞገዶቻችንን በ0.8 ናኖሜትር ልዩነት ነው መደርደር የምንፈልገው። ስለዚህ በአንድ ገንዳ ላይ አሥራ ሁለት ያህል ሞገዶች ይጋፋሉ ማለት ነው። በትንሽ ብልጫ የጀመረው ሌሎቹን ያጠፋቸዋል። ይህ የሞገዶች ፉክክር ይባላል፤ የዚህ ጥናት ዋና ጠላትም እርሱ ነው።

0.8 ናኖሜትር ለምን? ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የፋይበር ሞገዶች የት የት መቆም እንዳለባቸው ሰንጠረዥ አውጥቷል። መነሻው 193.1 ቴራኸርዝ ሲሆን ከተለመዱት እርምጃዎች አንዱ 100 ጊጋኸርዝ ነው። ይህ በ1550 ናኖሜትር አካባቢ ወደ 0.8 ናኖሜትር ይተረጎማል።

3. የተሞከሩ መፍትሔዎች

ያነበብኳቸውን መፍትሔዎች በአራት መደብኳቸው።

ሀ) ማቀዝቀዝ። በ1996 ያማሺታና ሆታቴ የተባሉ ጃፓናውያን ፋይበሩን ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ አስቀምጠው ብዙ ሞገድ በአንድ ጊዜ አገኙ። በዚያ ቅዝቃዜ የጋራው ክልል ወደ 1 ናኖሜትር ስለሚጠብ እያንዳንዱ ከብት የራሱ ገንዳ ይኖረዋል። መፍትሔው ንጹሕ ነው፤ ግን ሌዘሩ በሠራ ቁጥር ፈሳሽ ናይትሮጅን ማን ያመጣል?

ለ) ድግግሞሽን መግፋት። በ2000 ቤልማርና ባልደረቦቹ ካናዳ ውስጥ ቀለበቱ ላይ ድግግሞሽ የሚገፋ መሣሪያ አስገቡ። ብርሃኑ በዞረ ቁጥር ከቦታው ትንሽ ስለሚንሸራተት አንዱ ሞገድ ተደላድሎ ሌላውን ለመብላት ጊዜ አያገኝም። ጥሩ ነው፤ ግን መሣሪያውና የኤሌክትሮኒክስ ማንቀሳቀሻው ውድ ናቸው።

ሐ) የብሪሉዋን ዘዴ። በ1996 ኮውልና ስቴፓኖቭ አውስትራሊያ ውስጥ ያሳዩት ነው። ጠንካራ ብርሃን ፋይበር ውስጥ ሲሄድ የድምፅ ሞገድ ይፈጥርና ከፊሉ ወደ 11 ጊጋኸርዝ ገደማ ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል። ያ የተመለሰው ደግሞ ሌላ ይወልዳል፤ እያለ ይሰለፋል። ይሁን እንጂ የሞገዶቹ ልዩነት ከ0.09 ናኖሜትር አይበልጥም፤ ልዩነቱንም የሚወስነው ነዳፊው ሳይሆን መስታወቱ ነው።

መ) በብርታት መጠን ማስከፈል። በ2006 ፌንግ፣ ታምና ዋይ ሆንግ ኮንግ ውስጥ የፋይበሩን ኢመስመራዊ ጠባይ በመጠቀም ያገኙት ነው። እኔ የመረጥኩት ይህንን ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ላብራራው።

ፋይበር ውስጥ የሚሄድ ብርሃን በበረታ ቁጥር መስታወቱን ራሱን በትንሹ ይለውጠዋል፤ በዚህም የተነሣ የብርሃኑ የፖላራይዜሽን አቅጣጫ ይዞራል። ምን ያህል ይዞራል የሚለው እንደ ብርታቱ ነው። ከፋይበሩ ጫፍ ላይ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ፖላራይዘር ብናቆም፣ የበረታው ሞገድ ብዙ ዞሮ ሲመጣ ብዙው ይቆረጥበታል፤ የደከመው ትንሽ ዞሮ ሲመጣ ጥቂት ብቻ ይቆረጥበታል። የደመወዝ ግብርን አስቡ፤ ገቢው ከፍ ያለ ሠራተኛ የሚከፍለው በመቶኛም ከፍ ይላል። እዚህም ሀብታሙ ሞገድ ሌሎቹን ሳይውጥ ግብሩ ይቀንሰዋል። ግብሩ በትክክል ከተተመነ ስምንቱም ሞገዶች በተቀራረበ ብርታት አብረው ይኖራሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ።

4. ንድፉ

የነደፍኩት ቀለበት በቅደም ተከተል እነዚህን ይዟል፦

1ኛ/ 980 ናኖሜትር ፓምፕ ሌዘር፣ ኃይሉ 300 ሚሊዋት፤
2ኛ/ ፓምፑንና ዋናውን ብርሃን አንድ ላይ የሚያስገባ ማጣመሪያ (ካፕለር)፤
3ኛ/ ኤርቢየም ያለበት ፋይበር፣ 8 ሜትር፤
4ኛ/ ብርሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲዞር የሚያደርግ ኢሶሌተር፤
5ኛ/ ከብርሃኑ 10 በመቶውን ወደ ውጭ አውጥቶ 90 በመቶውን የሚመልስ መክፈያ፤
6ኛ/ ሁለት የፖላራይዜሽን መቆጣጠሪያ፣ በመካከላቸው ረዥም ተራ ፋይበር፣ ከኋላቸው ፖላራይዘር (ግብር ሰብሳቢው ይህ ነው)፤
7ኛ/ የማበጠሪያ ማጣሪያ።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንግባ።

የኃይል ሒሳብ። አንድ የ980 ናኖሜትር የብርሃን ቅንጣት ቢበዛ አንድ የ1550 ቅንጣት ነው የሚወልደው። 980ን ለ1550 ስናካፍል 0.63 ይመጣል፤ ከ300 ሚሊዋት ፓምፕ 189 ሚሊዋት ጣሪያ ነው ማለት ነው። ብክነቱን ቆጥረን ግማሹን ብንይዝ ከማጉያው ጫፍ 95 ሚሊዋት ገደማ ይወጣል። አሥር በመቶው ወደ ውጭ ሲወጣ 9.5 ሚሊዋት ይሆናል፤ ለስምንት ሞገድ እኩል ቢከፋፈል ለአንዱ 1.2 ሚሊዋት ገደማ ይደርሰዋል።

የግብሩ ሒሳብ። በቀለበቱ የሚቀረው 85 ሚሊዋት ነው። የተራ ፋይበር ኢመስመራዊ መለኪያ በዋትና በኪሎ ሜትር 1.3 ራዲያን አካባቢ ነው። ፋይበሩን 5 ኪሎ ሜትር ብናደርገው፣ ብክነቱን ለጊዜው ትተን፣ 0.085 ሲባዛ በ1.3 ሲባዛ በ5 ወደ 0.55 ራዲያን ይሰጣል። ይህ ብዙ አይደለም፤ ግን የፖላራይዜሽን መቆጣጠሪያዎቹ በትክክል ከተስተካከሉ በብርቱውና በደካማው መካከል ልዩነት ለመፍጠር የሚበቃ ነው። መለኪያው 10 የሆነ ልዩ ፋይበር ብናገኝ አምስት ኪሎ ሜትሩ ወደ 650 ሜትር ይወርዳል።

የማጣሪያው ሒሳብ። የመጀመሪያው ምርጫዬ የሳኛክ ቀለበት ነበር። ብርሃኑ ለሁለት ተከፍሎ በአንድ ትንሽ ቀለበት በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞርና ተመልሶ ይገናኛል። በዚህ ትንሽ ቀለበት ውስጥ በሁለት አቅጣጫ ሁለት የተለያየ ፍጥነት ያለው ፋይበር (ፖላራይዜሽን ጠባቂ የሚባለው) ይገባል። በሁለቱ ፍጥነቶች ልዩነት የተነሣ አንዳንዱ ሞገድ ሲያልፍ አንዳንዱ ይመለሳል፤ ማበጠሪያውም ይፈጠራል። የጥርሶቹ ርቀት የሚገኘው የሞገድ ርዝመቱን ካሬ፣ በፋይበሩ የፍጥነት ልዩነት መለኪያና በርዝመቱ ብዜት በማካፈል ነው። መለኪያውን ከአሥር ሺህ አራት ብንይዝ፣ 0.8 ናኖሜትር ለማግኘት 7.5 ሜትር ያስፈልጋል። 15 ሜትር ብናደርገው ርቀቱ ወደ 0.4 ይጠባል። እንዴት ቀላል እንደሆነ ተመልከቱ፤ መቀስና ማጣበቂያ ያለው ሰው የፈለገውን የጥርስ ርቀት ይቆርጣል።

5. ተስተካካይነትና ጽናት አይስማሙም

እዚህ ላይ ከጥናቱ ሁሉ ያስገረመኝ ነገር መጣ። የሳኛክ ማጣሪያው የሚስተካከልበት አንዱ መንገድ ሙቀት ነው። ፋይበሩ ሲሞቅ የሁለቱ ፍጥነቶች ልዩነት ይቀንስና የማበጠሪያው ጥርሶች በሙሉ ወደ ጎን ይንሸራተታሉ። እንዲህ ባሉ ፋይበሮች ላይ የተለካው መንሸራተት በአንድ ዲግሪ ወደ 1 ናኖሜትር ይደርሳል፤ እንደ ፋይበሩ ዓይነትም ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ፋይበሩ እስከሞቀ ድረስ ቢያጥርም ቢረዝምም መጠኑ ያው ነው።

ለማስተካከል ለሚፈልግ ሰው ይህ ድንቅ ነው። ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ሙቀት ሞገዶቹን ሁሉ አንድ ሙሉ እርምጃ መግፋት ይቻላል። ግን ቢቸናን አስቡ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለችው። በበጋ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ጋቢ ደርቦም ይበርዳል፤ የቀንና የሌሊቱ ልዩነት ከ10 ዲግሪ ይበልጣል። ማቀዝቀዣ በሌለው ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሌዘር ከማታ እስከ ቀትር ሞገዶቹ 10 ናኖሜትር፣ ማለትም ከአሥራ ሁለት እርምጃ በላይ ተንሸራትተው ይገኛሉ። ጠዋት አንደኛ መስመር ላይ የነበረው በቀትር አሥራ ሦስተኛው ላይ ነው። ሰንጠረዡን በ0.1 ናኖሜትር ትክክለኛነት እንጠብቅ ብንል ሙቀቱን በአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ መቆጣጠር አለብን። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ሁለተኛው ምርጫ ፋብሪ ፔሮ የሚባለው ማጣሪያ ነው። ይህ ሁለት ገጹ መስታዋት የሆነ ቀጭን ብርጭቆ ነው። ለ100 ጊጋኸርዝ እርምጃ ውፍረቱ 1.03 ሚሊሜትር ያህል መሆን አለበት። በሙቀት የሚንሸራተተው በአንድ ዲግሪ 0.01 ናኖሜትር አካባቢ ብቻ ነው፤ ከሳኛኩ መቶ እጥፍ የጸና ማለት ነው። የቢቸና ቀንና ሌሊት 0.1 ናኖሜትር ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ግን አሁን ደግሞ በሙቀት አንድ ሙሉ እርምጃ ለመግፋት 80 ዲግሪ ያህል ልናሞቀው ነው! የጥርሶቹንም ርቀት መለወጥ ብንፈልግ ሌላ ብርጭቆ ማዘዝ አለብን።

ከዚህ የተማርኩት፣ ሌዘሩን በሙቀት ለማስተካከል የሚያመቸውና ሌዘሩን ባለበት የማያስቆመው ጠባይ አንድ መሆኑን ነው። እግር ሁለት ነው ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ስለዚህ ነዳፊው መጀመሪያ ራሱን መጠየቅ ያለበት «ሌዘሩን ለምን ሥራ ነው የምፈልገው?» ብሎ ነው። እኔ በመጨረሻ ያቀረብኩት አካሉ አንድ ሆኖ ማጣሪያው የሚለዋወጥ ቀለበት ነው። ለግንኙነት ሙከራ ፋብሪ ፔሮውን፣ ለልኬት ሥራ ሙቀቱ በተጠበቀ ትንሽ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ሳኛኩን ማስገባት ነው።

6. ከቢቸና ሞጣ ያደርሳል ወይ?

ንድፉን በምሳሌው መስመር ላይ እንፈትነው። እያንዳንዱ ሞገድ 1 ሚሊዋት ይዞ ከቢቸና ይነሣ። 100 ኪሎ ሜትር በ0.2 ዲሲቤል 20 ዲሲቤል ነው፤ ለመገጣጠሚያዎቹ 3 እንጨምርበት፤ 23 ዲሲቤል ሆነ። ይህ ማለት ከ200 አንዱ ብቻ ይደርሳል፤ ሞጣ የሚገባው 5 ማይክሮዋት ነው። ትንሽ ይመስላል እንጂ ያለ ተስፋ አይደለም። ሞጣ መግቢያ ላይ አንድ የኤርቢየም ማጉያ ቢቀመጥ ስምንቱንም በአንድ ጊዜ ያነሣቸዋል። ለእያንዳንዱ ሞገድ የተለየ ማጉያ አለማስፈለጉ የኤርቢየም ትልቁ ውለታ ነው። መዘግየቱም ከቁጥር አይገባም፤ ብርሃን ፋይበር ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር በ5 ማይክሮሰከንድ ስለሚሄድ ሞጣ የሚደርሰው በግማሽ ሚሊሰከንድ ነው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የቀለበታችን ርዝመት ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በውስጡ የሚቆሙት የድግግሞሽ ዓይነቶች በ40 ኪሎኸርዝ ያህል ብቻ ነው የሚራራቁት። የአንዱ ሞገድ ስፋት 0.1 ናኖሜትር፣ ማለትም 12.5 ጊጋኸርዝ ቢሆን፣ «አንድ» የምንለው ሞገድ ውስጥ ከ300 ሺህ በላይ ጥቃቅን ድግግሞሾች ታጭቀዋል። እነዚህ እርስ በርሳቸው ሲደባደቡ ብርሃኑ ላይ ጫጫታ ይፈጥራሉ።

በዚህ ላይ ፋይበር የተለያዩ ሞገዶችን በተለያየ ፍጥነት ነው የሚያስኬደው። ተራ ፋይበር በ1550 ናኖሜትር አካባቢ በኪሎ ሜትርና በናኖሜትር 17 ፒኮሰከንድ ይበትናል። 17 ሲባዛ በ100 ሲባዛ በ0.1 170 ፒኮሰከንድ ነው። በሰከንድ 10 ጊጋቢት ብንልክ የአንዱ ቢት ቦታ 100 ፒኮሰከንድ ብቻ ስለሆነ ቢቱ ጎረቤቱ ላይ ይፈስሳል፤ ሞጣ ሲደርስ አይነበብም። በ2.5 ጊጋቢት ግን ቦታው 400 ፒኮሰከንድ ስለሆነ፣ ጫጫታው ከፈቀደ፣ ያልፋል።

ስለዚህ መልሱ ምንድን ነው? ይህ ሌዘር እንዳለ ሆኖ የቢቸና ሞጣን መስመር ለመሸከም አይሆንም። የቴሌኮም ድርጅቶች ለእያንዳንዱ መስመር ጠባብ ሞገድ ያለው አንድ አንድ የሴሚኮንዳክተር ሌዘር የሚያቆሙት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን ስጽፍ ቅር አይለኝም፤ ስሌቱ ያሳየኝ ይህንኑ ነው። የአጎቴና የቤተሰቤ ስልክ አንዳንዴ የሚቆራረጠውም ሌዘር ጠፍቶ አይደለም። መንገድ ሲቆፈር ገመድ ይቆረጣል፣ መብራት ይጠፋል፤ የመረብ መቋረጥ ምክንያቱ ሁሉ ፊዚክስ አይደለም።

7. ታዲያ ለምን ይጠቅማል?

የዚህ ሌዘር ትክክለኛ ቦታ ፍተሻና ልኬት ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ፋይበር ላይ በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚቀረጽ «ግሬቲንግ» የሚባል ነገር አለ፤ የተወሰነ ሞገድ ብቻ መርጦ ይመልሳል። ፋይበሩ ሲለጠጥ የሚመልሰው ሞገድ ይለወጣል፤ በአንድ ሚሊዮንኛ መለጠጥ 1.2 ፒኮሜትር፣ በአንድ ዲግሪ ሙቀት ደግሞ 10 ፒኮሜትር ያህል። ስምንት ግሬቲንግ በአንድ ፋይበር ላይ ደርድሮ ድልድይ ላይ ማጣበቅ፣ ከዚያ በእኛ ዓይነቱ ባለ ስምንት ሞገድ ምንጭ ከአንድ ጫፍ ሆኖ ሁሉንም ማንበብ ይቻላል።

እኛ አካባቢ ድልድይ ትልቅ ነገር ነው። የዓባይ ሸለቆ ከደጀን ጀምሮ ጎጃምን ዙሪያውን ከቦታል። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለውን የሕዳሴ ድልድይ በየቀኑ ስንት የጭነት መኪና ያልፍበታል! ሞጣ አጠገብ ያለው ደግሞ ስሙ ራሱ ሰባራ ድልድይ ነው፤ ድልድይ መሰበሩ ለሁለቱ ማዶ ሰው ምን ማለት እንደሆነ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ከመሰበሩ በፊት መለጠጡን የሚናገር ፋይበር ቢኖር እንዴት መልካም ነው! እርግጥ አንድ ጥንቃቄ አለ። ከላይ በሰጠሁት ቁጥር የ10 ዲግሪ ሙቀት 0.1 ናኖሜትር፣ የ100 ሚሊዮንኛ መለጠጥ ደግሞ 0.12 ናኖሜትር ያንቀሳቅሳሉ፤ ሁለቱ ይቀራረባሉ። ስለዚህ ከስምንቱ አንዱ ሳይጣበቅ፣ ሳይለጠጥ፣ ሙቀቱን ብቻ እንዲናገር መተው አለበት። አለበለዚያ የቀትር ፀሐይን የድልድይ አደጋ ነው ብለን እንጮሃለን።

ማጠቃለያ

ወደ ጓደኛዬ ጥያቄ ልመለስ። «ማን ሊሠራልህ ነው?» ላለኝ፣ ዛሬ ማንም አይሠራልኝም። ነገር ግን በወረቀት መንደፍ ባዶ ሥራ አይደለም። አገራችን ውስጥ የሌዘር ጥናት አንዱ ጠንካራ መሠረት የተጣለው በብዕርና በወረቀት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ፍሥሐ ካሣሁን በኳንተም ኦፕቲክስ ብዙ ተማሪዎችን አስተምረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የዘርፉን መሠረታዊ ሐሳቦች የሚያስተምር መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። በእኔም ጥናት ስሌቱ ሳይሠራ ያልታዩ ሦስት ነገሮች ታይተዋል፦ ግብሩ ስንት ኪሎ ሜትር ፋይበር እንደሚፈልግ፣ በሙቀት የሚስተካከለው ማጣሪያ በደጋ አየር ላይ እንደማይጸና፣ የሞገዱ ስፋት የመስመሩን ፍጥነት እንደሚወስን። ዕቃውን ገዝቶ ከመጣ በኋላ ይህን ማወቅ በጣም ውድ ትምህርት በሆነ ነበር።

ለታናናሾቼ የምለው አለኝ። ይህን ንድፍ ልትቀጥሉበት ከፈለጋችሁ ከማጣሪያው ጀምሩ። ሙሉውን ሌዘር ለመሥራት ፓምፕና ኤርቢየም ያስፈልጋል፤ የማበጠሪያ ማጣሪያን ጠባይ ለመረዳት ግን ተራ የሌዘር ጠቋሚ፣ አንድ ቀጭን ብርጭቆ፣ አንድ ቴርሞሜትርና ትዕግሥት ይበቃሉ። ብርጭቆው ሲሞቅ የጣልቃ ገብነቱ ቀለበቶች ሲንቀሳቀሱ በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ስንት ቀለበት እንዳለፈ ቆጥራችሁ ከስሌቱ ጋር አወዳድሩ። መምህራኖቻችንን ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። ከቴሌኮም ጥገና የሚተርፉ የፋይበር ቁራጮች ለዲፓርትመንቱ እንዲሰጡ በደብዳቤ ቢጠየቅ፣ ለእነርሱ ቁራጭ የሆነው ለእኛ ላቦራቶሪ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ተማሪ ከቢቸናም ይምጣ ከሞጣ፣ «ማን ሊሠራልህ ነው?» ሲባል «እኔው» ብሎ የሚመልስበት ቀን ይቀርባል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።